ወንድማማቾቹና የጤና መድኑ

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያችን ሁለት ቤት ነበር። አንዱ የእኛ፣ ሌላው የአባቴ ታናሽ ወንድም። አባቴ አናጢ ነበር፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ከቀበሌ የመጣ ነገር ሁሉ አይጥመውም። አጎቴ ደግሞ የገዢው ፓርቲ አባል ሆኖ ወረዳ ይሠራል። እንዲያም ሆኖ እሁድ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ይከራከራሉ፣ ስቀው ይለያያሉ።

ያ ፓርቲ ሥልጣን ላይ በቆየባቸው የመጨረሻ ዓመታት፣ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንዴ አዋጥቶ ጤና ጣቢያ በነፃ የሚታከምበት መድን በሰፈራችን ሊጀመር ነው ተባለና በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አጎቴ አስረዳ። አባቴ እጁን አውጥቶ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳይኖረው የመድን መታወቂያ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ። አጎቴ መድኃኒቱ የሚገባው ሕዝቡ ሲያዋጣ ነው አለ። አባቴ እንግዲያው መድኃኒቱ ሲገባ እናዋጣለን ሲል ሰው ሳቀ፤ ያጨበጨበም ነበር። አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ተቃዋሚ ለሕዝብ የሚበጅ ነገር ሲያይ ያመዋል ብሎ በሰው ፊት ተናገረው። አባቴ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

እናቴ ደም ግፊት ነበረባት። በማግስቱ ጠዋት አጎቴ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔን ተወኝ። ለእሷ ስትል ተመዝገብ።»

አባቴ ከመላጊያው ቀና እንኳን አላለም። «ሚስቴን የፓርቲህ ማስታወቂያ አላደርጋትም» አለው።

እናቴ እዚያው ቆማ ትሰማለች። አንዳቸውም ወደ እሷ አልዞሩም።

ምዝገባው ተዘጋ። ክኒኗን ከግል ፋርማሲ ነበር የምንገዛው፤ እየተወደደ ሲሄድ ቀን እየዘለለች ትውጥ እንደነበር ያወቅነው ከወደቀች በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ልብስ እያሰጣች ነበር። አጎቴ ታክሲ እስከሚገኝበት ድረስ አዝሏት ወረደ፤ አባቴ ከእግሯ የወለቀውን ጫማ ይዞ ከኋላ ተከተለ። ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ ጎኗ ግን አልታዘዝ አላት። አፏ ትንሽ ሲፈታላት ለእኔ፣ «እኔ እኮ መመዝገብ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ለእነሱ አልነገረቻቸውም።

በዓመቱ አባቴ ራሱ ሄዶ ተመዘገበ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን አልቋል፣ ከውጭ ግዙ ይሉታል። ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል ፋርማሲው ይሄዳል። ልክ ነበርኩ ለማለት አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ አጎቴም እንደዚያው።

በኋላ አጎቴ ኮንዶሚኒየም ደረሰውና የካ አባዶ ገባ። ለበዓል ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ብርቱካን ገዝቶ ይመጣል። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ የማይታዘዘውን እጇን እያሸ ያፍታታላታል። ከአባቴ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የፓርቲዎች ክርክር ሲጀመር እናቴ በደህናው እጇ ምልክት ትሰጣለች፤ ከሁለቱ አንዱ ተነስቶ ያጠፋዋል።