ከእረፍት የሚዘገዩት ሰባት ልጆች

አኬሎ በጋምቤላ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበረች። ሥራውን ለማያውቅ ሰው፣ ዩኒት ሊደር ማለት የአንድ ፈረቃ ተማሪ ሁሉ እናት፣ ፖሊስና ጸሐፊ ማለት ነው። ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ፣ ማን አጥር ዘለለ ተብሎ የሚጠየቀው እሷ ዘንድ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጥበቃው አቶ ሆት ከማንጎው ዛፍ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። ሦስተኛው ምት ሲያበቃ በሩ ይዘጋል፤ አኬሎም መዝገቧን ይዛ በየክፍሉ መዞር ትጀምራለች።

የአኙዋክ ልጅ ናት። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እሷ መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ፣ ተመርቃ፣ ሦስት ዓመት አስተምራ ነው ወደዚህ ሥራ የመጣችው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፤ መዘምራኑም ስንዘገይ ትመዘግበናለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር። አልዋሹም፣ አንድ ሰሞን መዝግባለች።

እንዲህ የምታጠብቅበት ምክንያት ነበራት። በ1987 ዓ.ም. በአራት ሰዓት እረፍት ሦስት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሊታጠቡ ባሮ ወንዝ ወርደው ሁለቱ ተመለሱ። ከእረፍት በኋላ ስም የጠራችው አኬሎ ነበረች። አንዱን ስም ሁለቴ ጠርታ፣ መልስ ስታጣ «ቀሪ» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች። የሆነውን የሰማችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ተለወጠ። በእረፍት ሰዓት በሩ ተዘግቶ ይቆያል፤ ማንም አይወጣም። የሚበላ የፈለገ ግቢ ውስጥ ከእሙዬ ንፍሮ ይገዛል። እሙዬ በሠፈራ ዘመን ከወሎ የመጣች፣ አብረዋት የመጡት ሲመለሱ እዚሁ የቀረች ሴት ናት። ከእረፍት ሰባት ጊዜ የዘገየ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ስሙ ከመልቀቂያ ፈተና ዝርዝር ይወጣል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ የአኬሎ ሐሳብ ነበር። ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበርና በየወሩ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ወንበር ይጠብቀዋል። ፈተና መከልከል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጆቹም፣ እሷም ያውቃሉ።

በ1988 የካቲት ሲገባ ሰባት ልጆች ሰባት ሰባት ጊዜ ዘግይተው ተገኙ። ሁሌም ከአራት ሰዓት እረፍት፣ ሁሌም አሥር ደቂቃ ያህል፣ ሁሌም በኋላው አጥር በኩል። ጫማቸው እርጥብ፣ ሱሪያቸው ላይ የሣር ፍሬ። አኬሎ ከመካከላቸው ዱዋል የሚባለውን ጠራችው። ከማታር ከተማ አካባቢ የመጣ ረጅም ልጅ ነው፤ በሒሳብ የክፍሉ አንደኛ ነበር። ባለፈው ክረምት ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ ግንባሩን ስድስት መስመር ተበጥቶ ነው የተመለሰው።

«የት ነበራችሁ?»

ዱዋል ከሱሪው ላይ የሣር ፍሬ ለቀመ።

«ዱዋል፣ ያለ ምክንያት አልጽፍም። የታመመ ሰው አለ? የምትጠይቁት ዘመድ አለ?»

«የለም ቲቸር።»

«ታዲያ አጥር ዘላችሁ የት ትሄዳላችሁ?»

«ወንዝ» አለ።

«ልትታጠቡ?»

«አዎ።»

«ያ ልጅ የሞተበት?»

«አዎ ቲቸር፣ እዚያ።»

ሰው ጥፋቱን እንዲህ ሲያምን ለመዝጋቢው ሥራው ቀላል ነው። አኬሎ የዚያኑ ዕለት ሰባቱን ስም በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ለርእሰ መምህሩ አስገባች። ዝርዝሩ ዓርብ ወደ ትምህርት ቢሮ ይሄዳል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ርእሰ መምህሩ አስጠራት። ከደጋ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው።

«አኬሎ፣ ስሞቹን አንብቢያቸው እስቲ።»

«እኔው ነኝ የጻፍኳቸው።»

«አንብቢያቸው ግን።»

አነበበች። ሰባቱም ኑዌር ናቸው። እስከዚያች ደቂቃ እንደ ስም እንጂ እንደዚያ አልቆጠረቻቸውም።

«አንድም ሌላ ልጅ አልዘገየም?» አላት።

«ሰባት ጊዜ የዘገየ የለም።»

«እኔ አምንሻለሁ። ቢሮ ያለው ሰው ግን አያውቅሽም። ገበያ ውስጥ ያለው ደግሞ ያውቅሻል፣ እሱ ነው የባሰው። አኙዋኳ ኑዌሮቹን በቂም ለይታ አስወጣች ይላል። እስከ ዓርብ ጠዋት አስቢበት። እውነት ከሆነ እፈርማለሁ።»

አኬሎ ተናድዳ ወጣች። እውነት ነው፤ ዱዋል ራሱ አምኗል። ግን አንድ ነገር እየከነከናት ሄደ፤ ሌላው ተማሪ ወንዝ አይወድም ማለት ነው? በዚያ ሙቀት?

በሩ ጋ አቶ ሆት ተቀምጦ ነበር። እሱም ኑዌር ነው፤ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው፣ ግንባሩ ላይ ያሉት መስመሮች እያረጁ ከመጨማደዱ ጋር የተቀላቀሉ።

«አቶ ሆት፣ ልጆቹ በጓሮ ሲወጡ ታያለህ አይደል?»

«አያለሁ።»

«ለምን አትነግረኝም?»

«አንቺ ራስሽ ታያለሽ። ትጽፊያለሽ።»

«ለምንድነው የሚወጡት? እነሱ ብቻ?»

አቶ ሆት ዱላውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያየ፣ «ቲቸር፣ አንቺና እኔ እዚህ አብረን ስንት ዓመት ሠራን?» አላት።

«አራት።»

«አራት። ስበላ አይተሽኛል?»

አኬሎ አንድም ቀን አላየችውም። ሻይ ስትልክለት ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ ይዞ ይሄዳል፤ ብርጭቆውን ባዶውን ይመልሳል። ወሬ የሚሸሽ፣ ወይም ኩራተኛ ይመስላት ነበር።

ነገሩን አታውቀውም ማለት አይደለም። በጋምቤላ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ግንባሩን ተበጥቶ ከወንዶች የተቆጠረ የኑዌር ወጣት ዘመዱ ያልሆነች ሴት እያየችው አይበላም። አኬሎ ግን ይህን የሠርግና የአማት ቤት ነገር አድርጋ ነበር የያዘችው። ዩኒፎርም ለብሰው ስታያቸው ተማሪ ናቸው፤ ተማሪ ደግሞ ሲርበው ይበላል። ዱዋል አምና አሥራ አንደኛ ሳለ እሙዬ ፊት ቆሞ፣ ከሴቶቹ ጋር እየተጋፋ ንፍሮ ሲበላ በዓይኗ አይታዋለች። የሚገርመውም እሱ ነው። አምና ልጅ ነበር፤ ዘንድሮ አይደለም። መዝገቡ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

እሙዬን ጠየቀቻት።

«እነ ዱዋል ካንቺ ንፍሮ ይገዛሉ?»

«ራሳቸውማ አይመጡም። ያ ግንባሩ ገና ያልተበጣው ዘጠነኛ ክፍል ልጅ የለም? እሱ የሰባት ሰው በፌስታል ይወስዳል። አንድ ቀን ‹አንተ፣ በሆድህ ትል አለብህ እንዴ› ብዬዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አኬልዬ፣ አንቺ የጠየቅሽው ስለ ወንዝ ነው። ስለ ንፍሮ መች ጠየቅሽ?»

ኀሙስ፣ እረፍት ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ አኬሎ በኋላው አጥር ቀዳዳ አልፋ ወጣች። የተረገጠው ሣር መንገድ ሆኗል። መጨረሻው ላይ ከሰው የሚረዝም ሣር መሐል ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ ክብ ቦታ አገኘች። የባቄላ ገለባ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የታጠፈ ፌስታል። ከዚያ እስከ ባሮ ውኃ ያለውን በእርምጃ ለካችው። ሠላሳ ሁለት። እጃቸውን የሚታጠቡት እዚያ ነበር፤ የጫማቸው ዳና ጭቃው ላይ ነበረ። ቸርኬው ከመመታቱ በፊት ፈጥና ተመለሰች፤ ሲበሉ ልታያቸው አልፈለገችም።

ከሰዓት በኋላ ዱዋልን ለብቻው አገኘችው።

«ልትታጠቡ አይደለም የምትሄዱት። እጃችሁን ብቻ ነው።»

«ቲቸር፣ ወንዝ ብለሽ ጽፈሻል። እንዳለ ይሁን።»

«ፈተናህስ?»

«ስሜ ይውጣ። በሰልፍ ላይ እንዲህ ስለሆነ ነው ተብሎ ሴቶቹ ሁሉ ከሚሰሙ ስሜ ቢወጣ ይሻለኛል።»

«ማንም ሰልፍ ላይ አይናገርም።»

«ወረቀት ላይስ?»

«ወረቀት ላይም። የምጽፈውን አሳይሃለሁ።»

አኬሎ የዚያኑ ዕለት ልጆቹ የሚበሉበት የተከለለ ቦታ እንዲሰጣቸው ስትጠይቀው ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። «ትምህርት ቤት ነው አኬሎ። ለእያንዳንዱ ባህል አንድ አንድ ክፍል ልሠራ ነው?»

«በሩን የዘጋነው ወንዝ እንዳይሄዱ ነው?»

«አዎ።»

«በሩ ክፍት ሳለ ኑዌሮቹ ዘመዶቻቸው ቤት ሄደው በልተው ነበር የሚመለሱት። ስንዘጋባቸው የቀራቸው የወንዙ ዳር ነው። እኛ ነን የላክናቸው። ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱን በእኔ ጻፍ።»

ርእሰ መምህሩ ስሞቹን እንደገና አነበበ። «በአንቺማ አልጽፍም» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ልጽፍ የምችለው ነገር አምጪልኝ።»

የጻፈችው ሁለት መስመር ነበር፦ ሰባቱ ተማሪዎች የዘገዩት በግቢው የመመገቢያ ቦታ ባለመኖሩ እንደሆነና ትምህርት ቤቱ ቦታ እንደሚያዘጋጅ የሚገልጽ። ዱዋል ሁለቴ አነበበውና መለሰላት። ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ ወደ ቢሮ ሲሄድ ሰባቱ ስሞች ከሚፈተኑት ጋር ነበሩ።

ቅዳሜ አቶ ሆት ከግቢው አሮጌ መጋዘን ጀርባ አንድ ጥግ በሸምበቆ ከለለ፤ ሰባቱ ልጆች ሸምበቆውን ራሳቸው ቆርጠው አመጡ። በርሜል ውኃም ተቀመጠ። ሴቶቹ ተማሪዎች ወደዚያ እንዳይሄዱ ማንም አልተናገረም፤ አንድም አልሄደችም። አቶ ሆት ራሱ ሻዩን እዚያ መጠጣት ጀመረ። ዱዋል ሰዓት ጠባቂያቸው እንዲሆን አኬሎ አዘዘችው፦ የመጀመሪያው ምት ሲሰማ ሁሉም ይነሳል፣ እሱ የመጨረሻ ሆኖ ይወጣል።

ሰኞ የእረፍት ማብቂያው ቸርኬ ተመታ። ስድስቱ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ገቡ። ዱዋል የለም። አኬሎ የክፍሉ በር ላይ ቆማ መዝገቡን ይዛ ጠበቀች፤ ብዕሩ እጇ ላይ ነበረ፣ አልጻፈችም። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ በመጋዘኑ በኩል መጣ፣ እጁ እርጥብ።

«የት ነበርክ?»

«ገለባውን ስጠርግ። አይጥ እንዳይመጣ።»

«ጥሩ ሠርተሃል» አለች አኬሎ። «ግን ዘግይተሃል።»

«አዎ ቲቸር።»

«እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው» አለና ክፍሉ ገባ። እሷም በአዲስ ገጽ በስሙ ትይዩ አንድ ጭረት ሠርታ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ከመሄዷ በፊት ወንበሩ ላይ መቀመጡን በመስኮት አየች።