ከመጨረሻው የጀመረው ዝግጅት

ሰፈሩ «አንድ-ሁለት» ብሎ ነው የሚጠራት። የወጣላት ስም መታወቂያዋ ላይ ካልሆነ በቀር ማንም አያነሳውም፤ እሷም «አንድ-ሁለት!» ሲሏት «አቤት!» ብላ ዞር ትላለች። የፒያኖ አስተማሪ ናት። ከፎቅ ላይ መስኮቷን ከፍታ ስታስተምር የምትቆጥረው ቁጥር ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ይዘልቃል። ታች ልብስ የምታሰጣ ጎረቤቷ አንድ ቀን አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ካልሲ እንኳ በምት መስቀል ጀመርኩ እኮ!» ብላ ስትጮህባት ግቢው በሳቅ ፈርሷል።

አስተማሪነቷ እንደ ሌላው አይደለም። ቁልፎቹን እንደ ተዘጋ በር የሚደበድብ ተማሪ ሲመጣ አትቆጣም፤ «እዚህ ጎናችን ሕፃን ተኝቷል እንበል፤ እንዳትቀሰቅሰው» ትለዋለች። እየተጣደፈች የምታስቸግራትን ልጅ ደግሞ እጇን ይዛ ወደ ደረጃው ታወጣትና ዜማውን እያንጎራጎሩ አብረው ይወርዳሉ። ልጅቷ በፈጠነች ቁጥር እግሯና ዜማው ይጣሉባታል፤ ታች ሳይደርሱ ራሷ ትረጋጋለች። ተማሪው ኖታ ማንበብ ሳይጀምር በፊት የራሱን ዜማ ይፈጥራል፣ ርዕስም ያወጣለታል፦ «የተቆጣች እናት»፣ «አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ»፣ «አሳንሰር ውስጥ የቀረ ሰው»። ጥያቄ ስለማያልቅባት «ጥያቄ» የሚሏት ተማሪ አለቻት። እሷ፣ «ጥቁሮቹ ቁልፎች ለምን አጠሩ?» ብላ ስትጠይቃት፣ «እስቲ እነሱን ጠይቂያቸው፤ በነሱ ብቻ አንድ ዜማ ሥሪ» አለቻት። የዚያን ዕለት ልጅቷን ከወንበሩ ለማንሳት እናቷ ከቤት መምጣት ነበረባት።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ጨዋታ የዓመቱ የተማሪዎች ዝግጅት ሲቃረብ ድራሹ ይጠፋል። ተማሪው ሁሉ ጥርሱን ሊያስነቅል እንደተቀጠረ ሰው ፊቱ ይገረጣል። አዳራሹ ይጨልማል፤ መብራቱ አንድ ምስኪን ሰው ላይ ብቻ ይበራል፤ ወላጆች ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ስህተት የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ባለፈው ዓመት ዝግጅት ላይ የሆነው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። የተጎዳችው የባሏ ታላቅ እህት ናትና።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ታናናሾቿን ስታሳድግ፣ ከዚያም የራሷን ልጆች ለወግ ስታበቃ ዕድሜዋ ከመርፌና ከመቀስ ጋር ነጎደ። ልጆቹ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል አንድ ከሰዓት ወንድሟ ቤት መጥታ ፒያኖው አጠገብ ቆመች፤ በአንድ ጣቷ አንዷን ቁልፍ ነካ አደረገችና፣ «ሙሽራዬ፣ ይሄን ነገር አስተምሪኝ» አለች። አስተማሪዋ ካገባች ስንት ዘመኗ፣ ለእትዬ ግን እስከ ዛሬ ሙሽራ ናት። ከዚያ ወዲያ እንደሷ ደስ እያለው የተማረ ሰው አልነበረም። ሲሳካላት ታጨበጭባለች፣ ሲበላሽባት ፒያኖውን፣ «አንተ ደግሞ!» ብላ ትገስጸዋለች።

በዝግጅቱ ቀን ግን መሀል ላይ ዜማው ጠፋባት። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፤ እዚያው ቦታ ስትደርስ እንደገና ጠፋባት። ደግማ ተመለሰች። በመጨረሻ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ብድግ ብላ ቦርሳዋን አንጠለጠለችና ከኋላ ባለው በር ወጣች። በነጋታው ምንም እንዳልተፈጠረ ወንድሟ ቤት መጣች፤ ተጫወተች፣ ሳቀች። ፒያኖውን ግን ዞር ብላ አላየችውም። «ጣቶቼ ለመርፌ ነው የተፈጠሩት» አለችና ነገሩን ዘጋችው።

አስተማሪዋ ይህን ነገር መቀበል አቃታት። ለሳምንታት፣ «እትዬ ወደዚያ ወንበር ካልተመለሰች እኔ አስተማሪ አይደለሁም» እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች።

መልሱ የመጣው ካልታሰበ ሰው ነው፤ ከጥርስ ሐኪሙ። ሐኪሙ ከተማሪዎቿ ሁሉ አርፋጅና ሰነፍ ነበር። ሁልጊዜ እያለከለከ ይደርሳል፤ ጊዜ ስለሌለው የሚለማመደው የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ ነው። «ሲያልቅ ካማረ ሰው መጀመሪያውን ይረሳዋል» ብሎ የሚቀልድ ሰው ነው። አንድ ቀን እንደ አጋጣሚ በሰዓቱ መጣና ሙሉውን ተጫወተ። መጀመሪያ ላይ ተንገዳገደ፤ መሀል ላይ ትከሻው ተፍታታ፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብማ ጀርባው ቀና፣ ድምፁ ሞላ፣ ፈገግም አለ።

አስተማሪዋ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሳች።

«አሁን ያደረግከውን ታውቃለህ?»

«ኧረ ይቅርታ፣ መጀመሪያውን አልተለማመድኩም...»

«ባለመለማመድህ ነው እኮ ደስ ያለኝ! ወደ ቤትህ እየሄድክ ነበር! በሄድክ ቁጥር መንገዱን ይበልጥ እያወቅከው! የኛ ሰዎች ግን ሁሌ ከመጀመሪያው ስለሚጀምሩ መጀመሪያውን ሺህ ጊዜ ይጫወቱታል፤ በሄዱ ቁጥር ወደማያውቁት አገር ይገባሉ። እንዴት አይፈሩ!»

ሐኪሙ ተሰድቦ ይሁን ተመስግኖ ስላልገባው ኮቱን ለበሰ።

እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ወደ እትዬ ስፌት ቤት ከነፈች። እትዬ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ፣ መለኪያው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ጠመኔ ይዛ ነበር።

«እትዬ! ከመጨረሻው ነው የሚጀመረው!»

«የምኑ? መጀመሪያ ተቀመጪ። ምነው፣ ሰው አሳደደሽ?»

«የፒያኖው! የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው የምንማረው። ከዚያ ከሷ በፊት ያለችውን። ከዚያ ከዚያች በፊት ያለችውን...»

«ሙሽራዬ፣» አለች እትዬ ጠመኔውን አስቀምጣ፣ «ያን ቀን የወጣሁበትን በር ታስታውሺያለሽ አይደል? ተመልሼ አልገባበትም።»

«በወዲያኛው በር ትገቢያለሽ። አዳራሹ ሁለት በር አለው።»

እትዬ ሳትወድ በግድ ሳቀች። አስተማሪዋም ይህችን ሳቅ አላባከነችም፤ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ጣቶቿን አሳርፋ የዜማውን መጨረሻ እያዜመች መታችው። እትዬ ጨርቁን ለማስተካከል የመጣች መስላ እጇን አስጠጋች። ትንሽ ቆይቶ የሷም ጣቶች ጨርቁ ላይ ይሄዱ ጀመር።

«ዝግጅት የሚባል ነገር ግን አላነሳም» አለች አስተማሪዋ።

«አንሺና ታዪኛለሽ!» አለች እትዬ መቀሱን እያሳየቻት።

እንደዚያ ተጀመረ። እትዬ መጀመሪያ «ልሞክራት» ብላ መጣች፤ ቀጥሎ «ያቺን መስመር ሌሊት በሕልሜ ስጫወታት አደርኩ» ብላ መጣች። ከመጨረሻዋ መስመር በፊት ያለችውን ተማረች፤ ከዚያም ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ኖታው ላይ ባለቀለም ምልክቶች ሲያስፈልጉ ከስፌት ቤቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዛ መጥታ በየመስመሩ ጫፍ ለጠፈች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። አስተማሪዋ «ማረፊያ» አለቻቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ ከጠፋብህ ወደ ኋላ አትመለስ፤ ቀጥሎ ወዳለው ማረፊያ ዝለል። ወሬው ሲሰማ ተማሪው ሁሉ፣ «ለኔም ማረፊያ ይሠራልኝ!» አለ። ጥያቄማ፣ «ሁለት ማረፊያ ዘልዬ ሦስተኛው ላይ ብወድቅስ?» ብላ መጣች። «ትነሺያለሻ!» ተባለች።

ከዚያ በኋላ አስተማሪዋ እንቅልፍ አጣች፤ የደስታ እንቅልፍ ማጣት ነው። ቁርስ ላይ ሐሳብ ይመጣላታል፤ ሳህን ስታጥብ ሌላ ይመጣላታል። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ነገርን ቀስ ብሎ ነው የሚያየው።

«ፒያኖውን አዳራሹ መሀል አደርገዋለሁ» አለችው። «ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። መብራቱን ለሁሉም እኩል ታበራልኛለህ። ጨለማ የለም። ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሩ በፊት የዜማውን መጨረሻ ለሰው ያሰማል፤ ሰውም አብሮ ያዜመዋል፤ ከዚያ ነው ከመጀመሪያው የሚጫወተው።»

«መጨረሻውን ከሰማ ማን ይቀመጥልሻል? የፊልም መጨረሻ ነግረሽኝ ምን እንዳልኩሽ ረሳሽው?»

«ሶፋ ላይ እተኛለሁ ብለህ አኮረፍክ።»

«ታዲያ!»

«ይሄ ፊልም አይደለም፣ ሰውዬ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ቤቱ የት እንዳለ ስለሚያውቅ መንገዱ ይሰለቸዋል? ጭራሽ ይቸኩላል እንጂ! የሚሰማው ሰውም ቤቱን ይወቅ፤ ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ይምጣ።»

ባሏ ዳቦውን እያኘከ አሰበ አሰበና፣ «መብራቱ ላይ ግን አንድ አምፖል መቀየር አለበት» አለ። በሱ ቋንቋ ይህ ማለት እሺ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን እትዬ አንድ ከሰዓት ተጫውታ ስትጨርስ ዘወር ሳትል፣ «ስንተኛ ነኝ?» ብላ ጠየቀች።

«የምኑ ስንተኛ?»

«አትቀልጂብኝ፣ ሙሽራዬ።»

አስተማሪዋ የያዘችውን ብርጭቆ ልትለቀው ምንም አልቀራት። ወደ ማድቤት ሮጣ ገባችና በሩን ዘግታ ድምፅ ሳታሰማ ዘለለች። ተመልሳ ወጥታ ግን ቁም ነገረኛ ፊት አበጅታ፣ «ከጥያቄ ቀጥሎ፣ ከሐኪሙ በፊት» አለች።

የዝግጅቱ ቀን የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ እንደ ሠርግ ቤት ሞቀ። ፒያኖው መሀል ቆሟል፤ ወንበሮቹ ዙሪያውን ከበውታል፤ የባሏ አምፖሎች የአያቱንም የልጁንም ፊት እኩል ያሳያሉ። ጥያቄ ቀድማ ወጣች። በጥቁር ቁልፎች ብቻ የሠራችውን ዜማ መጨረሻ አሰማች፤ ሰው መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ከዚያ ማዜም ጀመረ። ልጅቷ ሙሉውን ተጫውታ መጨረሻው ላይ ስትደርስ አዳራሹ ማንም ሳይጠይቀው ተቀበላት። አስተማሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን አፏ ላይ ጭናለች።

ቀጥሎ እትዬ ገባች፤ በወዲያኛው በር። ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ተቀመጠች፤ የዜማዋን መጨረሻ አሰማች። እንዴት አድርጋ ተጫወተችው! ሰውም አብሯት ካዜመ በኋላ በደስታ አጨበጨበ። እትዬ ጭብጨባውን ስትሰማ ብድግ አለች፤ እጅ ነሳች፤ ቦርሳዋን አነሳችና ወደ በሩ አመራች።

አዳራሹ ግራ ገባው።

«እትዬ!» አለ ወንድሟ ከኋላ፣ «ገና አልጀመርሽም እኮ!»

እትዬ ቆመች። ወደ ፒያኖው አየች፣ ወደ ሰዉ አየች። ስንት ወር ከመጨረሻው ስትማር ከርማ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሥራዋ ያለቀ መስሏት ነበር። «ወይ ጉድ!» አለች ግንባሯን መታ አድርጋ፤ «እኔ ጨርሼ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እሷም ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ እንባዋን እየጠረገች ተመልሳ ተቀመጠችና ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ጀመረች።

መጀመሪያው መልካም ሄደ። ቀዩን አለፈች፣ ቢጫውን አለፈች። ከዚያ ያቺ የዓምናዋ ቦታ መጣች። እትዬ ገባችባትና ጣቶቿ ቆሙ። «ወደ ኋላ እንዳትመለሺ፣ እንዳትመለሺ» ትላለች አስተማሪዋ በሆዷ። የእትዬ እጆች ከቁልፎቹ ከፍ አሉ፤ ለትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆዩ። ከዚያ ግራ እጇ ወደ ፊት ዘለለች፤ ቀኟም ተከተለቻት፤ አረንጓዴው ማረፊያ ላይ እንደ ድመት አረፉ። ዜማው ቀጠለ! መጨረሻዋ መስመር ላይ ስትደርስ አዳራሹ ሙሉ አብሯት አዜመ፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ግን ዜማ የማይሆንለት የወንድሟ ድምፅ ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ የጥርስ ሐኪሙ ኖታውን ይዞ ክራባቱን እያስተካከለ ወደ ፒያኖው መጣ። እትዬ ግን አልተነሳችም።

«ቆይ» አለችው። «ያቺን የዘለልኳትን ቦታ እንዲሁ አልተዋትም።»

«አሁን?» አለ ሐኪሙ።

«አሁን ነዋ!»

ያቺን ቦታ ብቻዋን ነጥላ ተጫወተቻት፤ ተበላሸባት። «አንተ ደግሞ!» አለችው ፒያኖውን። ደግማ ሞከረች፤ አሁን እስከ ጫፏ ሄደች፣ ቅልብጭ ብላ፣ አንድም ድምፅ ሳይጎድላት። ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። ከሕፃናቱ አንዱ፣ «ድገሚያት!» ብሎ ጮኸ።

«ይኸው ድገሚ አሉኝ» አለች እትዬ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ሐኪሙ ወደ አስተማሪዋ ዞረ፤ ለምን ዝም አልሽ በሚል ዓይን። አስተማሪዋ ግን ክንዱን ይዛ አጠገቧ ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ጆሮው ስር፣ «ቁጭ በል፣ ዶክተር» አለችው፤ «ዛሬ እሷን ከዚያ ወንበር የሚያነሳት ሰው አልተፈጠረም።»