በአያ ሙሉጌታ ባሕር ውስጥ ንፍሮ የጨመራችሁ

«አያ ሙሉጌታ አረፉ» ብሎ የደወለልኝን ሰው ሰድቤ ስልኩን ዘጋሁበት። ጅጋ ገበያ ላይ ነበርሁ። ትናንት እኮ በጋሪዬ ውኃ ሳደርስላቸው ፈረሴን «ከጌታህ አንተ ትሻላለህ» ሲሉት ነበር!

ለማታውቋቸው፦ አያ ሙሉጌታ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ፍኖተ ሰላም ሳሎናቸው ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን፣ ባሕር አበጁ። ውኃውን በልክ ጨው እያደረጉ ለስላሳ ኮራል ያረቡ ነበር። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው።

መጀመሪያ ሳየው «ይኼ የተቀቀለ ጎመን ምንድን ነው?» ብዬ በበዓል ቅቤ የራሰ እጄን ዘፈቅሁበት። አንዷ ኮራል ጣት የመሰሉ ቅርንጫፎቿን ሰብስባ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። አያ ሙሉጌታ አልተቆጡም። «ቀስ፣ ነፍስ አለው» ብቻ አሉኝ።

የማታ ትምህርት ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። «ስለ ባሕሩ ግድግዳው ላይ የጻፍሁትን ካላነበብህ፣ አገር ስሄድ ቁልፉን ለማን ልስጥ?» አሉኝ። ገባሁ። ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ! ሁለተኛ የወጡት ባልቴት እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።

ዛሬ ከቀብር መልስ ቤታቸው ስገባ ግን አፍንጫዬን ያዝሁ።

«ሐዘን ቤት ምን መብራት፣ ምን የሞተር ጩኸት» ብላችሁ፣ የባሕሩን መብራትና ውኃ ማዘዋወሪያ ሞተር እንደ ቴሌቪዥን ከጠዋት ጀምሮ አጥፍታችኋል። ይባስ ብላችሁ፣ ዓሣ በሌለበት፣ «ዓሦቹም ይቅመሱ» እያላችሁ ንፍሮ በትናችሁበታል! ሽምብራው አብጦ፣ ኮራሉ እንደ ንፍጥ ተዝለግልጎ፣ ውኃው እንደ ቄራ ቦይ ይሸታል። ቱ!

ከሳጥኑ ጎን ግድግዳው ላይ «ሞተሩን አታጥፉ። ምንም አትጨምሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዲግሪ ያላችሁት ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁበት ነበር። ያነበብሁት እኔ ነኝ፣ ባለጋሪው!

«አንተ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ሞተር ታስነሳለህ? ነውር አታውቅም?» አሉኝ አንዲት እናት ማብሪያውን ስነካ።

«እትዬ፣ የሞቱት አያ ሙሉጌታ ናቸው፤ እነዚህ ገና አልሞቱም።»

አስነሳሁት። እጄን ታጥቤ ሽምብራውን ፍሬ በፍሬ ለቀምሁ። አያ ሙሉጌታ አዘጋጅተው ባስቀመጡት ጨዋማ ውኃ ግማሹን ቀየርሁ።

ይህን ስጽፍ አብዛኛው እንደ ተኮማተረ ነው። አንዷ፣ ያችው ያኮረፈችኝ፣ ሁለት ጣት ዘርግታለች።

አያዬ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ከወረቀትዎ ሥር በገዛ እጄ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «ቀስ፣ ነፍስ አለው።» ፊደሉ ተንጋዷል፤ አይሳቁብኝ። እርስዎ ይረፉ፤ ሞተሩን እኔ አላሳርፈውም።