የሁለት ሰው ድስት

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጃችን ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የጤና ሥራ አግኝታ ሄደች። ሸኝተናት ከመናኸሪያ ስንመለስ ባለቤቴ ዘውድነሽ ወንበር ሳበች፤ ወጣችበትና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያቺን ትንሽ ድስት አወረደች። አንድ ጆሮዋ የወለቀ፣ ጎኗ የጎደጎደ የብረት ድስት ናት። ልጆች ከመጡ ወዲህ ለማንም አልበቃ ብላ እዚያው ላይ ከርማለች። ዘውዴ በአመድ ፈትጋ አጠበቻትና «እንግዲህ እንደ ድሯችን ነን» አለችኝ።

ድሮ ያለችው ቆላ ወርደን ትዳር የጀመርንባትን ጎግን ነው። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እዚያ አማርኛ አስተምር ነበር። ዘውዴን ከጎሬ ያገባኋት በግንቦት ነው። ሳንጋባ ስለ ጎግ ስትጠይቀኝ ስለ ማንጎው፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሰዉ ደግነት አወራሁላት። ስለ ክረምቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አልዋሸሁም፤ ብቻ ያልጠየቀችኝን አልነገርኳትም። ሚስት የሚፈልግ ወንድ ሁሉ ለጊዜው ነጋዴ ነው።

እሷ ደግሞ ክረምት ሲባል የምታውቀው የጎሬን ጉምና ብርድ ነውና ሁለት ጋቢ ይዛ መጣች። ጎግ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ሙቀቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ልብስ አይደርቅም፣ ጨው ውሃ ይሆናል፣ ፍራሽ ይረጥባል። ከአቦቦ ወዲህ ያለው መንገድ ረግረግ ሆኖ መኪና የሚባል ነገር ይጠፋል። በሐምሌ አጋማሽ እናቷ ያስያዟትን የጤፍ ዱቄት ልታቦካ ጆንያውን ብትፈታው ግማሹ ሻግቷል። እጇን ዱቄቱ ውስጥ እንዳስገባች ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከማጠናከሪያ ትምህርት በተመለስኩ ቁጥር አስቀድሜ የማየው አልጋው ሥር ያለውን ሻንጣዋን ነበር። ሻንጣው ካለ እሷም አለች።

ጎረቤታችን አሪየት የምትባል አኙዋክ ነበረች፤ ባሏ ጊሎ ወንዝ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ረዥም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። አማርኛዋ ደግሞ ሁሉን ወንድ የሚያደርግ አማርኛ ነው። በአኙዋክኛ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ስለሆነ ሚስቴም «እሱ»፣ ዶሮዋም «እሱ»፣ እናቷም «እሱ» ናቸው። ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ ሳርም የምውል ሰው ሠፈር ስገባ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። አሪየት «እሱ» ስትል በጆሮዬ «እሷ» እያልኩ መስማት ለመድኩ። መምህር መሆን አንዳንዴ እንዲህ ያሰንፋል።

ፍልሰታ ሲገባ አሪየት የደረቀ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ይዛልን መጣች። ዘውዴ እጇን ሰበሰበች።

«ጾም ነው፤ አልበላም።»

«አንተ ዘውዴ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም። ዓሣ ነው። ለምን አይበላም?»

ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። አሪየት የወንጌል አማኝ ናት፤ የእኛ ጾም አልገባትም። ቅር ብሏት የሄደች መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን አንድ እቅፍ የዱባ ቅጠልና አንድ ጣሳ ለውዝ ይዛ መጣች። «ይሄ ከመሬት ነው። ይሄ አልሮጠም፣ አልዋኘም። ይሄስ ይጾማል?» አለች። ዘውዴ ጎግ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ወጡን እንዲህ ነው የሚሠሩት። ለውዙ ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ዘይቱ እስኪወጣ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል። የቅጠሉ ዘንግ ክር የመሰለ ልጣጩ ተልጦ ይከተፋል። ግማሽ ሽንኩርት፣ አዎ ግማሽ፣ ምክንያቱም ግማሹ የነገ ነው፣ ከውሃ ጋር ይጣዳል። ሲፈላ ቅጠሉ ይገባል፤ ለውዙ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመርና እሳቱ ይቀነሳል። ከዚያ ትዕግሥት ነው። አማስለው አማስለው ሲጠብቅ ጨው ጣል፤ ከጠንካራ የበቆሎ ገንፎ ጋር ይበላል። እኔ እስከ ዛሬ ከእሱ የበለጠ የሚያጠግብና ከእሱ ያነሰ ወጪ ያለው ምግብ አላውቅም። ዘውዴ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ አጎንብሳ አረንጓዴውን እያየች «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብላ ነበር። በልታ ስትጨርስ የድስቱን ቂጥ በጣቷ ስትጠርግ አየኋት፤ አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

አሪየት የማትታገሠው ያቺን ድስት ነበር። «ይሄ ድስት ነው ኩባያ? ሰው ቢመጣስ?» ትላለች።

«ማን ይመጣል? መንገዱ ዝግ ነው» ትላታለች ዘውዴ። «ለሁለት ሰው በቂ ነው።»

ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ሰው የመጣው። ዝናቡ ለጥቂት ቀን ጋብ ብሎ አንድ ተሳቢ ያለው ትራክተር ጨውና ዘይት ጭኖ ጭቃውን ጥሶ ገባ፤ ዝናቡ ሳይመለስ አራግፎ ይወጣል ተባለ። ወሬውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ዘውዴ እስከ አቦቦ በእግሩ በሄደ ሰው እጅ ለእናቷ ደብዳቤ ልካ እንደነበር አውቃለሁ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

አሪየት ደጃፏ ላይ ቅጠል ትለቅማለች።

«ቲቸር፣ ወንድም ከጎሬ መጣ። ሻንጣ ተጫነ። እሱ ሄደ።»

የቀረውን አልሰማኋትም። ቤት ገባሁ። አልጋው ሥር ባዶ ነው። ጉልቻው ላይ ያቺ ትንሽ ድስት ተከድና ተጥዳለች፤ ከሥሯ ፍም አለ። ክዳኑን ሳነሳ የለውዙ ሽታ ፊቴን መታኝ። የመጨረሻ ምሳዬን ሠርታልኝ ነው የሄደችው ብዬ ከድስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለሄደች ብቻ አይደለም፤ ስለ ክረምቱ ሳልነግራት ስላመጣኋት ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ተከፈተና ዘውዴ ቆመች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ትንፋሽ አጥሯት።

«ምነው? ምን ሆነሃል? ድስቱ ሊያር ነው እኮ፣ አታወርደውም?»

«አሪየት... ሄደ አለችኝ።»

«አዎ፣ ወርቁ ሄደ። ወንድሜን ሸኘሁት።»

«እሱ ነው እኮ ያለችኝ!»

ጥቂት ካየችኝ በኋላ ነገሩ ገባትና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ታዲያ ወንድ አይደል? አስተምሬያታለሁ! ሙቀጫው ላይ 'እሱ'፣ 'እሷ' ስንል ነው ጾሙን ያጋመስነው። አንተ መምህሩ ተውካት እንጂ!»

«ሻንጣውስ?»

«ልብሱ እዚህ እየሻገተ ነው። እናቴ ጋ ይቀመጥልኝ ብዬ ላክሁት» አለች፤ ድስቱን አውርዳ ገንፎ ልታገነፋ ተነሳች። እኔም አመንኳት። ያን ክረምት በሁለት ቀሚስ ከረመች፤ አንዱን አጥባ አንዱን እየለበሰች። ሻንጣው የተመለሰው ለገና ነው።

«እሱ ሄደ» የቤታችን ቀልድ ሆኖ ቀረ። ልጆቻችን እንግዳ ሸኝተው ሲመለሱ «እሱ ሄደ» ይላሉ፣ እንግዳዋ ሴት ብትሆንም። አሪየት ነፍሷን ይማርና እሷም እርጅናዋ ላይ በእኔ ትስቅ ነበር። ሰዋስው የሚያስተምር ሰው፣ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የሚያለቅስ!

ባለፈው ሳምንት ዘውዴ በዚያችው ድስት ያንኑ ወጥ ሠራች። ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው፣ ባሮ ወንዝ ሞልቷል እየተባለ፣ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ቤቱ ጭር ብሏል። ላጫውታት ብዬ ያንኑ ቀልድ አነሳሁ። አልሳቀችም።

«ያን ቀን እኮ አልተሳሳትክም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ተሳፍሬ ነበር። ከሠፈር መውጫው ዋርካ ጋ ደርሼ ነው ሻንጣውን ትቼ የወረድኩት።»

አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትዳር ነው፤ እኔ ሳላውቀው ከዋርካው ተመልሶ በእግሩ የመጣ ነው። ጭቃውን አይቼ ነበር፤ ሻንጣውንም ጠይቄ ነበር። የሚያምን ሰው ዓይኑ ያየውን እንኳ አይመረምርም። ቢሆንም አልቆጨኝም፤ ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ስሰጋ እኖር ነበር።

«ምን አወረደሽ ታዲያ?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዕድሜዬም ስለ እኔ አንድ ጥሩ ነገር እንድትል ጠብቄ ነበር።

የድስቱን ቂጥ እየጠረገች፣ «ወርቁ ሳይመጣ ነው የጣድኩት» አለች። «ለሁለት ሰው ነበር። አንድ ሰው እንዴት ይጨርሰዋል?»

የቀረችውን ጉርሻ ወደ እሷ ገፋሁ። ከሁለት ከፈለቻትና ግማሿን መለሰችልኝ።