የእናቴ ጓሮ በአራተኛ ፎቅ

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴን ከጉራጌ አገር አምጥተን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታችን አስገባናት። ብቻዋን መኖር አልቻለችም ነበር። እሳት ለኩሳ ትረሳለች፤ ከቤት ወጥታ መንገዱ ይጠፋባታል። እኛ ዘንድ ስትመጣ ደግሞ ባሰባት። ነጩን ግድግዳ እያየች፣ «ምን ሆኜ ነው ሐኪም ቤት ያስተኛችሁኝ?» ትለኝ ነበር። ምግብም እምቢ አለች።

«ክፍሏን ለምን እንደ አገር ቤት አናደርግላትም?» ያለችው ልጄ ናት።

ግድግዳውን የጭቃ ቀለም ቀባነው። ወለሉ ላይ ጅባ አነጠፍን። ከአገር ቤት የተረፉትን ጣባዎቿንና የቀንድ ማንኪያዎቿን አስመጣሁ፤ በልጅነቴ እንደማውቀው በተርታ በተርታ ሰቀልኋቸው። ብሎኬቱ ሚስማር አልይዝ ስላለ ባለቤቴ በድሪል በሳልን። ሁልጊዜ የምትቀመጥባት በርጩማም መጣች። በመጨረሻ በረንዳው ላይ፣ ከመስታወቱ በር ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ባልዲ እንሰት ተከልሁላት። ዝናቡ ደግ ነበር። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከበረንዳው ብረት በላይ ሆነ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ባለቤቴ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ «የሙዚየሙ መግቢያ ስንት ነው?» አለ።

«ለአማች በነፃ ነው። ጫማህን ግን አውልቅ» አለችው ልጄ።

እናቴ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዕለት ቆጮ በጎመን በላች። እመቤቴን አመሰገንሁ። የብሎካችን ሰዎች ወሬውን ሰምተው ፎቶ ሊነሡበት ይመጡ ጀመር።

እያደር ግን አንድ ነገር ያስፈራኝ ጀመር። ክፍሉ ባማረ ቁጥር እናቴ ከእኛ እየራቀች ሄደች። ጠዋት ስትነቃ ከብቶቹ ወጥተው እንደሆነ ትጠይቃለች። ዝናብ ሲጥል ልጄን፣ «ልብሱን ከአጥሩ ላይ አንሺ» ትላታለች። ከሁሉ ይልቅ የመስታወቱን በር አተኩራ ማየቷን አልወደድሁትም። አገር ቤት የኋላው በር ወደ እንሰቱ ያወጣ ነበር። ከእንሰቱ ማዶ አጥር አለ፤ እሱን እየተሻገረች ወደ ጎረቤቷ ትሄድ ነበር። ያቺ ጎረቤቷ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«እየጠራችኝ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጆሮዋን ወደ በረንዳው አዘንብላ።

«ማን?»

የጎረቤቷን ስም ነገረችኝ። «መስቀል ደረሰ። ቅቤውን አብረን ነው የምናነጥረው። ልሻገር።»

«ዛሬ ዝናብ ነው እማዬ። ነገ።»

«ነገ፣ ነገ ትያለሽ። እሷ ግን ቆማ ቀረች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረንዳውን በር መቆለፍ ጀመርን። ቀን ቀን እንሰቱ በነፋስ መስታወቱን ሲነካ እሰማለሁ፤ እሷም ትሰማለች። ያን ጊዜ ብድግ ትልና እጀታውን ትሞክራለች።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ፣ እናቴን ለልጄ አደራ ብዬ ልደታ ማርያም ላስቀድስ ሄድሁ። ተመልሼ ወደ ግቢያችን ስገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቀና አልሁ።

እናቴ እንሰቱ መካከል ቆማለች። በርጩማዋ ላይ ነበረች። ብረቱ ከጉልበቷ አያልፍም። ቀሚሷን ሰብስባ አንድ እግሯን አንሥታለች።

ልጮህ አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ከደነገጠች ትወድቃለች። «እማዬ» ብላትም አትመለስም፤ የምትሄደው ወደ እኔ አልነበረም። ያቺ ጎረቤት ከአጥር ማዶ ድምጿን አስረዝማ እንዴት እንደምትጣራ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እመቤቴ አሳሰበችኝ። በጉራጌኛ፣ በዚያች ሴት ድምፅ ተጣራሁ።

«አንቺዬ! ባለሽበት ሁኚ! ውሻችን ተፈቷል!»

እግሯ አየር ላይ ቆመ።

«እሰሩት እንጂ! መቼም የእናንተ ውሻ!» ብላ መለሰችልኝ።

«እኔው እመጣለሁ! ውረጂና ቅቤውን አውጪ!»

«እንግዲያው ቶሎ በይ! እንደ ልማድሽ እንዳትጎተቺ!»

እግሯን መለሰች። ቀስ ብላ ወረደችና ከቅጠሉ በታች ተሰወረችብኝ። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው እኔን ያያሉ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ልጄ ልብስ ልታሰጣ በሩን ከፍታ፣ የቀረውን ልትጨምቅ መታጠቢያ ቤት ገብታ ነበር። ፊቴን አይታ ማልቀስ ጀመረች። አልተቆጣኋትም።

እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። እጄን ያዘች። ፊቷ በርቷል። «ቆየሽብኝ» አለችና በጎረቤቷ ስም ጠራችኝ። ልጅሽ ነኝ ልላት ፈልጌ ነበር። አላልሁም። ቀኑን ሙሉ ያቺ የሞተች ሴት ሆኜ አብሬያት ዋልሁ። ስለ እኔም አጫወተችኝ።

«ልጄ አዲስ አበባ ናት» አለችኝ። «መጥታ አታየኝም።»

«ትመጣለች» አልኋት።

«እንጃ።»

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴና ልጄ እንሰቱን እየተጋገዙ ወደ ግቢው አወረዱት። እኔ ጣባዎቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው አወርድ ነበር። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች።

«ቤት ልትለቁ ነው?» አለች፣ ለማያውቁት ሰው በሚያሳዩት ትሕትና። «ወዴት ልትሄዱ ነው?»

«የትም አንሄድም» አልኋት።

በሕይወት ኖራ ስለጠየቀችኝ ተመስገን አልሁ። ከዚያም ሚስማሮቹን መንቀል ጀመርሁ።