ዓለምነህ ዝም ያለበት ዓርብ

በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ሱቅ ስታ በሚባለው ትልቅ ገበያ፣ ሰልባጅ ጫማ የሚሸጠውን ዓለምነህን ሰዎች ከማየታቸው በፊት ይሰሙታል። ካርቱም አሥራ አራት ዓመት ኖሯል። ዐረብኛውን እንደ አገሬው ያንበለብለዋል። አንድ ጥንድ ጫማ ሲሸጥ ጫማው ከየት አገር እንደመጣ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ምን ቸግሮት እንደሸጠው ሁሉ ይተርካል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ገዢዎቹም እንደማያውቅ ያውቃሉ፤ ግን እስኪጨርስ ሰምተው፣ ስቀው፣ ጫማውን ገዝተው ይሄዳሉ።

«አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የተባለው ላንተ ነው» ትለዋለች ሚስቱ ሜላት።

እንግሊዝኛውን ጎንደር ሳለ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማረ፤ የቀረውን ከሬዲዮ ለቀመው። ገበያው ውስጥ የስደተኛ ቅጽ መሙላት ያቃተው ሐበሻ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ እሱ ዘንድ ይመጣል። ዓለምነህም በጫማዎቹ መሀል ያስቀምጠውና ይሞላለታል። ሞልቶ ዝም አይልም፤ እያንዳንዱን ቃል ያስረዳል፣ ያስደግማል፣ ተሳስቶ ያነበበውን ያርማል።

አንድ ቀን ሜላት ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ቆማ ስትሰማው ቆየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጫማ እየሸጥክ ነው ወይስ እያስተማርክ?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ማስተማሩን ለምን በወጉ አትማረውም?»

ነገሩ በዚያው አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የቋንቋ ተቋም፣ በሳምንቱ ቀናት ሥራ ለሚውሉ ሰዎች በአገሩ የዕረፍት ቀናት፣ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥልጠና እንደከፈተ ሰማ። ዘጠኝ ወር ነው። የመግቢያውን ፈተና አለፈ። ከዚያ በኋላ በየዓርቡና በየቅዳሜው፣ ሜላት የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በሕዝብ ተሞልታ በምትንገጫገጭ ሃፍላ የአባይን ድልድይ እየተሻገረ አል-ሳሃፋ ይወርድ ጀመር። ሃፍላ የሚሉት አነስተኛውን አውቶቡስ ነው። በመንገዱም ተሳፋሪውን ሁሉ የመለማመጃ ተማሪ ያደርገው ነበር።

አሠልጣኛቸው ኡስታዛ፣ ማለትም መምህርት፣ ረሺዳ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሱዳናዊት ናቸው። ሠልጣኞቹ እንዲለማመዱበት ተቋሙ ለአካባቢው ሰው በነፃ የሚሰጠው ክፍል አለ። በእሱ ውስጥ አሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩ። ከፊት የምትቀመጠው ሀዋ ጀሪፍ ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ የሆስፒታል ረዳት ናት፤ ደፋር ናት፣ ጥያቄዋ አያልቅም። ከኋላ ደግሞ ጋሽ በየነ የሚባሉ የጎጃም ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ግንበኛ፣ ሁሉንም ይጽፋሉ። ጋሽ በየነ ክፍሉ ከተከፈተ ወዲህ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ወደ ደብተራቸው ያቀረቅራሉ።

ዓለምነህ መጀመሪያ የተገመገመበት ቀን ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። «ምክንያቱም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት፣ የአጎቱ በቅሎ ሰርግ ላይ የሠራችውን ጉድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከ። ደወል ሲደወል ላቡን እየጠረገ ወደ ኡስታዛ ረሺዳ ሄደ። ምስጋና ነበር የጠበቀው።

«ሠላሳ አራት» አሉት፣ የያዙትን የሰዓት መቁጠሪያ እያሳዩት።

«ምኑ ነው ሠላሳ አራት?»

«አንተ የተናገርክበት ደቂቃ። ከአርባ አምስቱ ለአሥራ አራት ተማሪ የተረፈው አሥራ አንድ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርስም።»

«ትምህርቱ ግን ደስ አይልም ነበር?»

«በጣም ደስ ይላል። ስለ በቅሎዋም ብዙ አወቅሁ። ዓለምነህ፣ ሰው መናገር የሚማረው ራሱ ሲናገር ነው፤ አንተ ስትናገር አይደለም።»

ነገሩ ገባው። መግባት ብቻውን ግን አላዳነውም። በሁለተኛው ግምገማ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ተናገረ። ተማሪ ጠይቆ መልሱን መጠበቅ አይችልም፤ የሁለት ሰከንድ ጸጥታ ጆሮውን ያሳክከዋል፣ ሰውየው አፉን ሳይከፍት እሱ ይመልስለታል። ሁለት ግምገማዎች ነበሩ የቀሩት፤ ሁለቱንም ካላለፈ የምስክር ወረቀት የለም።

ሦስተኛው ግንቦት ውስጥ ነበር። የዓርቡ ዋዜማ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ተነሣና ገበያውን ቡናማ አደረገው። ሌላው ነጋዴ ዕቃውን በሸራ ሸፍኖ አፉን በጨርቅ ሲያስር፣ ዓለምነህ «በዚህ አቧራ ባዶ እግር አይኬድም፣ ያላ!» እያለ እስኪመሽ ጮኸ። በዚያ ቀን እንደዚያ የሸጠ የለም። ዓርብ ጧት ሜላትን ደህና አደርሽ ሊላት አፉን ቢከፍት እፍ የምትል ትንፋሽ ብቻ ወጣች።

ሜላት መጀመሪያ ደነገጠች። ትኩሳት እንደሌለው ካየች በኋላ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አሥር ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ያለ ጧት አይቼ አላውቅም» አለችው። ዝንጅብል በማር አፍልታ ሰጠችው። አልሠራም።

አል-ሳሃፋ ሲደርስ ወረቀት ላይ «ድምፄ ጠፍቷል፤ ግምገማው ወደ ሳምንት ይተላለፍልኝ» ብሎ ጽፎ ለኡስታዛ ረሺዳ ሰጣቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«እጅህ ይሠራል?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እግርህስ?»

ነቀነቀ።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ግባ።»

ገባ። የዕለቱ ትምህርት አንድን ሥራ በቅደም ተከተል መናገር ነበር። ስድስት ገጽ ማብራሪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ሰሌዳው ላይ «መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያ በኋላ»፣ «በመጨረሻ» የሚሉትን አራት ቃላት በእንግሊዝኛ ጻፈና ወደ ጉሮሮው ጠቁሞ እጁን አወዛወዘ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ በጣቱ ወደ መጀመሪያው ቃል ጠቆመ።

ሀዋ ቀደመች። «ፈርስት፣ ሂ ክሊንስ ዘ ሹ።»

ሁለተኛውን ሌላ ሰው አለ፣ ሦስተኛውን ሌላ። ሲሳሳቱ ግንባሩን ቋጥሮ ያያቸዋል፤ እነሱም እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ። ጸጥታ በወደቀ ቁጥር እንደ ልማዱ ሊሞላው አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይወጣም፤ ይጠብቃል። ሲጠብቅም ሁልጊዜ አንድ ሰው ይናገራል። ይህ አስገረመው።

ጫማው ሲያልቅ በባዶ እጁ፣ በምልክት፣ ግንብ መገንባት ጀመረ። ጡብ አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ሲሚንቶ እንደ ቅቤ ከላዩ ቀባ፣ ሌላ ጡብ ደረበ። ከኋላ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ጋሽ በየነ ተነሥተው ቆመዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«ኖ!» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። «ኖ፣ ቲቸር! ፈርስት፣ ዎተር። ድራይ ብሪክ ኖ ጉድ። ዘን ሲሜንት።»

ዓለምነህ አየር ላይ የያዘውን ጡብ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠመኔውን በሁለት እጁ ለጋሽ በየነ አቀረበላቸው። ሰውየው ወደ ፊት መጡ። ጡቡን አርሰው፣ ገመዱን ወጥረው፣ ቱምቢውን ጥለው፣ አንድ የአየር ግንብ እስከ ደረታቸው አቆሙ፤ እያንዳንዷን ሥራ በተሰባበረ፣ ግን በሚገባ እንግሊዝኛ እየተናገሩ። ሀዋ ስለ ውኃው ልክ ጠየቀቻቸው፣ መለሱላት። ሌሎቹም ጠየቁ። ደወሉ ሲደወል የተቀመጠ ተማሪ አልነበረም።

ከክፍል ሲወጡ ጋሽ በየነ ዓለምነህን ክንዱን ያዙት።

«መምህር፣ ይቅርታ፣ ደፈርኩህ። ግን እንደዚያ የተሠራ ግንብ ሰው ላይ ይወድቃል።»

ዓለምነህ መመለስ ስላልቻለ አቀፋቸው።

የኡስታዛ ረሺዳ የሰዓት መቁጠሪያ ዜሮ ላይ ነበር። «አልፈሃል» አሉት። «ግን ጉሮሮህን አመስግን። የሚቀጥለውን በድምፅህ ታስተምራለህ፣ ኢንሻአላህ፤ ያኔ እናያለን።»

ያሉት አልቀረም። ድምፁ በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ወሬውም አብሮ ተመለሰ። የመጨረሻው ግምገማ እስኪደርስ በነበሩት ልምምዶች አንዴ ሃያ ስምንት፣ አንዴ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገረ። ቤት ውስጥ ሜላትን ተማሪ አድርጎ ጥያቄ እየጠየቀ፣ ከንፈሩን ነክሶ እስከ አሥር መቁጠር ተለማመደ። ሜላት ሆን ብላ እስከ ዘጠኝ ዝም ትለውና ላቡ ሲመጣ ትመልሳለች። ሀዋን ደግሞ፣ አንድ ታሪክ ሊጀምር ሲል እጇን እንድታወጣ ለመናት። ሰኔ ላይ፣ በመጨረሻው ግምገማ፣ ሀዋ አራት ጊዜ እጇን አወጣች። አራቱንም ጊዜ ታሪኩን ዋጠው። አሥራ ሦስት ደቂቃ ተናገረ።

ኡስታዛ ረሺዳ ቁጥሩን አሳዩትና መቁጠሪያውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ኡስታዝ ዓለምነህ» አሉት። ያን ቀን በሃፍላው የሐጅ ዩሱፍን መንገድ ያለ ወትሮው ዝም ብሎ፣ በመስኮቱ ወንዙን እያየ ተጓዘ። ሰው ኡስታዝ ብሎ የጠራው ያን ቀን መጀመሪያው ነበር፤ ወሬ ሊያበላሽበት አልፈለገም።

ጫማ መሸጡን አልተወም። ነገር ግን ሐምሌ ላይ እዚያው ሐጅ ዩሱፍ፣ ከገበያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ተፈቅዳለት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የራሱን ትምህርት ከፈተ። ሜላትና እሱ ዘጠኝ ወንበር ለቃቅመው ደረደሩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሃያ ሁለት ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ቅጽ ያስሞሉ የነበሩ፣ ጫማ የገዙ፣ ከግንባታ ሥራ ሲሚንቶአቸውን ሳያራግፉ የመጡ። ጋሽ በየነም ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል።

ዓለምነህ ወንበሮቹን አየ፣ ሰዎቹን አየ፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ «ቼር» ብሎ ጻፈና ወደ ጎረቤት ጠቆመ። ሰዎቹ እየሳቁ ወጡ። ከሻይ ቤቱ፣ ከፀጉር ቤቱ፣ ረክሻ ከሚሉት ባጃጅ ጠጋኝ ወንበር፣ በርጩማና ባዶ ሣጥን ተሸክመው፣ «ቼር! ቼር!» እየተባባሉ መንገዱን ሞልተው ተመለሱ።