የቆመ መኪና የሚታይበት ሻይ ቤት

የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር የጭነት መኪና ይነዳል። ለፋሲካ መጥቶ ስለዚያ አገር ፈጣን መንገድ ሲያወራኝ ዋለ። በመንገዱ ዳር ነዳጅ፣ ምግብ ቤትና ሽንት ቤት አንድ ላይ የያዘ ማረፊያ አለ፤ ሽንት ቤቱ ሌት ተቀን ለመንገደኛ ሁሉ በነጻ ክፍት መሆን አለበት፣ ሕግ ነው። ድሮ አንዳንዱ ምግብ ቤት እንደ ድልድይ ከመንገዱ በላይ ስለተሠራ፣ ሰው ከሥሩ የሚከንፈውን መኪና እያየ ለመብላት ብሎ ብቻ ከቤቱ ይነሳ ነበር አሉ። አሁን ግን አገሬው በደረቅ ሳንዱቻቸው ይቀልዳል።

«እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል፣ አክስቴ?» አለኝ።

ተናደድኩ። ነበረን እንጂ። እነሱ የሚሮጥ መኪና እያዩ በሉ፣ እኛ የቆመ እያየን ጠጣን።

በደርግ ጊዜ ልደታ አንድ ማደያ ውስጥ ነዳጅ ቀጂ ነበርኩ። ሴት ልጅ ቤንዚን ስትቀዳ አይቶ የማያውቅ ሁሉ መጀመሪያ ይስቅብኛል፣ ተራው ሲደርስ ግን አፉን ይሰበስባል። ቤንዚን በኩፖን ነበር። ቦቴው የሚመጣበት ቀን ስለማይታወቅ የመኪናው ሰልፍ እስከ ሰንጋ ተራ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ሾፌር ጠዋት ተሰልፎ በማግስቱ ይቀዳል። ከማደያው ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። እዚያው ማደያ ይሠራ የነበረው አባቴ ሲሞት ሥራ አስኪያጁ ለእናቴ ሰጣት፣ እሷም ሻይና ቦንቦሊኖ ትሸጥባት ጀመር። ከዚያ በፊት የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። በረኪና የበላው ጣቷ ገና አልዳነም፣ ወደዚያ ሥራ ከመመለስ ሞትን ትመርጣለች።

ሰልፉ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሞተር ማስነሳት ቤንዚን መጨረስ ስለሆነ መኪናው በእጅ ይገፋል። እኔ ከፓምፑ አጠገብ «ግፉ!» ብዬ ስጮህ ክፍሉ ባዶ ይቀራል፤ ሁሉም ወጥቶ ከፊት እስከ ኋላ ይገፋና ተመልሶ ሻዩን ያነሳል። የራሱን ብቻ ገፍቶ የሚመለስ ሰው ነውረኛ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሱን የሚነካለት የለም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማንም ረስቶ በኪሱ ይዞት እንዳይሄድ አሮጌ የሞተር ካንዴላ ላይ ታስሮ ነበር። ዳቦ ሲጠፋ እናቴ የትናንቱን ታቀርባለች፤ ሾፌሮቹም «ይቺን ጎማ ሥር ብናደርጋት መኪናው አይንሸራተትም» እያሉ ይበሉላታል። እንግሊዞቹ ብቻ ናቸው እንዴ በሳንዱች የሚቀልዱ?

አንድ ጠዋት የቀበሌው ካድሬ መጣ። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከአብነት በኩል። እናቴ በልጅነቱ አፍንጫውን ጠርጋለታለች።

«እትዬ፣ እዚህ ቤት አሉባልታ በዝቷል» አላት። «ሻዩን ይሽጡ። ሰው ግን አይቀመጥ። ቆሞ ጠጥቶ ይሂድ።»

ወንበርና አግዳሚውን በሙሉ አስጭኖ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰደው። የቆመ ሰው አያወራም ብሎ ማሰቡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ባለታክሲ ብርጭቆውን ይዞ ትንሽ ቆመና ጉልበቱን እያሸ ወጣ። የዚያን ጊዜዎቹ ትንንሽ ታክሲዎች የኋላ መቀመጫቸው ብድግ ሲያደርጉት ይወጣል። ሰውየው መቀመጫውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጣና ግድግዳው ሥር አንጥፎ ቁጭ አለ። ሌሎቹም አይተው ወደየመኪናቸው ወጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ክፍሉ በመኪና መቀመጫ ተሞላ። እንዲያ የተመቸ ሻይ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

ካድሬው ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ፤ እኔም ቦቴው ስላልመጣ ባንኮው ጋ እናቴን እያገዝኩ ነበር።

«ምንድነው ይሄ? ከልክያለሁ እኮ።»

«የኔን ወንበር ወስደሃል፣ ልጄ» አለችው እናቴ። «ይሄ የመኪናው ነው። መኪናው ደግሞ ወረፋ ይዟል።»

አንድ ሰው ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። የካድሬው ፊት ጠቆረ፣ ከኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ ባንኮው ላይ ፊቴ አስቀመጠ።

«አንቺ ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ። እዚህ ተቀምጦ የሚያወራውን ሰው ስም ጻፊ። ከጻፍሽ እናትሽ ክፍሏን ይዛ ትቀጥላለች። ካልጻፍሽ ነገ ይታሸጋል።»

ፈራሁ። ደፋር ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ በዚያን ጊዜ ስሙ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እናቴን አየኋት። ጣቶቿን አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ እሱ ግን ዝምታዬን አልነበረም የፈለገው፤ እንድጽፍለት ነው። ጻፍኩለት። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጽፌ ወረቀቱን ወደሱ ገፋሁት።

«እዚህ የማወራው እኔ ነኝ» አልኩት።

እናቴ ከባንኮው ጀርባ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው። መሠረተ ትምህርት ካልተመዘገቡ ብሎ ቤታችን ድረስ የመጣው ይኸው ካድሬ ነበር፤ ፊደል ከቆጠረች ዓመት አልሞላትም። ከስሜ በታች ጎንበስ ብላ አንድ ፊደል ጻፈች። ቀና ብላ አየችው፣ ደግሞ ሌላ ጻፈች። ካድሬው ወረቀቱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ በክርኗ ተጫነችበት።

«ቆይ» አለችው። «የአባቴ ስም ይቀረኛል።»

እስክትጨርስ ቆመ። ሁለታችንንም ይወስደናል ብዬ ስንት ቀን እንደጠበቅኩ፣ ለምንስ እንዳልወሰደን አላውቅም። ያሳደገውን ሰፈር አፍሮ ይሆናል፣ ወይም የሁለት ሴት ስም ብቻ የሰፈረበት ወረቀት ለአለቃው ማሳየት ከብዶት ይሆናል።

ክፍሉ ግን በማግስቱ ታሸገ፣ ካድሬው ቃሉን ጠበቀ። እናቴ እቤት ሆና ታለቅሳለች ብዬ ፓምፑ ላይ ቆሜ ዓይኔ ሲንከራተት፣ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ በሌላው ብርጭቆ የተደረደረበት ሰፌድ ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ብቅ አለች። በየመኪናው መስኮት በክርኗ እያንኳኳች ትመጣለች። የመጀመሪያው ባለታክሲ ወርዶ የኋላውን መቀመጫ በእጁ አራገፈላት፤ «ይቀመጡ» አላት። ገብታ ተቀመጠችና ቀዳችለት።